የሁለት ጣት ልኬት

አባቷ ክፍሉን ሲያይ መጀመሪያ የነካው የመስኮቱን ብረት ነበር። በሁለቱ ብረቶች መካከል እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ሞከረና «የእኔ እጅ ከገባ የሌባም ይገባል» አለ። ወጥቶ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ሽቦ ይዞ ተመለሰ፤ ብረቱን ከብረቱ ጋር እያጠላለፈ አሰረው። ልጅቷ ትራሷን እንዳቀፈች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጀርባውን ታያለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእናትና ከአባቷ ተለይታ ስትኖር ይህ ክረምት የመጀመሪያዋ ነበር።

አባቷ ሽቦውን ጠምዝዞ ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረገና ውሉን ነገራት። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፤ ሌላ መንገድ የለም። ክረምቱ ሲያልቅ እሱ ይመጣል። አሠሪዋ በገዛ አፋቸው «ትቆይልኝ» ካሉት ትቆያለች፤ ካላሉት ግን ዕቃዋን ይዛ አብራው ትመለሳለች።

«ባይሆንም የአጎትሽ ሱቅ የት ይሄዳል» አላት ሊያጽናናት ብሎ።

የአጎቷ ሱቅ የሚስማርና የገመድ ሱቅ ነው። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ወንበር አለ፤ ከዚያ ወንበር ላይ የሚታየው የመንገዱ ማዶ ግድግዳ ብቻ ነው። አጎቷ ደግሞ ሰው በሩ ላይ ሲስቅ እንኳ «ምን ጎደለ?» ብሎ ዕቃውን የሚያይ ሰው ነው። ልጅቷ ያቺን ወንበር ማሰብ እንኳ አትፈልግም።

አባቷ ሄደ፤ እሷ ክፍሏን ለመደችው። በሩ በጉልበት ከፍ ተደርጎ ካልተገፋ አይዘጋም። የአልጋው አንድ እግር ስለሚያጥር ከሥሩ ካርቶን አጥፋ አደረገችለት። ገና ሳይነጋ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው «ፈግ ፈግ» የሚል ድምፅ ለስድስት ቀን ልቧን ሲያቆመው ሰነበተና፣ በሰባተኛው ቀን ጎረቤቷ ጫማውን ሲቦርሽ አየችው። ብቻዋን ሳቀች። አብሯት የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም።

ሥራዋ ከክፍሏ ሁለት መታጠፊያ እልፍ ብሎ ካለ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሁሉም ሰው «እትዬ» የሚላቸው፣ አንገታቸው ላይ ሜትር እንደ ሐብል የማይጠፋ፣ ጥቂት ተናጋሪ ሴት ናቸው። ጨርቁን የሚቆርጡት ቆራጩ ይባላሉ፤ በዕድሜም በሥራም ከሁሉ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። በስፌት መኪና ላይ የምትቀመጠውን «ሬዲዮ» ይሏታል። «እኔ ዝም ካልኩ ሱቁ የተዘረፈ ይመስላል» ትላለች ራሷም። ልጅቷን ገና በመጣች ቀን «አዲሷ» አሏት፤ በዚያው ቀረ። ቁልፍ ትተክላለች፣ ጫፍ ታጥፋለች፣ ትተኩሳለች፣ ትጠርጋለች። መቀስ ግን አትነካም።

ስፌቱን ያስተማረቻት እናቷ ናት፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ፣ በቤታቸው የፊት ክፍል። እናቷ ሰው ስትለካ ሁልጊዜ ሁለት ጣቷን ከሜትሩ ሥር ታስገባለች። ለስፌቱ የሚታጠፈው ትርፍ በሁለቱ ጣት ውስጥ አለ። ስለዚህ የጻፈችውን ቁጥር ጨርቁ ላይ ታሰምርና በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። ልጅቷ ዓለም ሁሉ እንዲህ የሚለካ ይመስላት ነበር።

እትዬ ግን ሜትሩን ገላ ላይ ጥብቅ አድርገው ይለኩና ያንኑ በሰማያዊው ደብተር ይጽፋሉ። ቆራጩ ሲያሰምሩ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሴንቲ ይጨምራሉ። ይህን ለልጅቷ ማንም አልነገራትም። ለሱቁ ሰዎች እንደ መተንፈስ የሆነ ነገር ስለነበር፣ የሚነገር ነገር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ክረምቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው አባቷ ሐሙስ እንደሚመጣ ደወለ። በዚያው ሳምንት ሰኞ የቆራጩ ወገብ ተያዘ፤ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አንድ ጥቅልል ጨርቅ ከመደርደሪያ አወረዱ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ወርቅማ ክር ብልጭ ይላል። የአንዲት ርዕሰ መምህርት ነው። ባላቸው ከመሞቱ በፊት የገዛላቸው ሲሆን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሳጥን ውስጥ ከሳሙና ጋር አስቀምጠውት ነበር። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አሁን ዓርብ ጡረታ ሲወጡ፣ ተማሪዎቻቸው በተሰበሰቡበት ሊለብሱት ነው።

እትዬ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ልጅቷን አዩዋት።

«እጅሽ አይንቀጠቀጥም። ሁለት ወር አይቼሻለሁ» አሉ። «ልኬቱ ደብተሩ ላይ አለ። ቁረጪው።»

ሬዲዮ መኪናዋን አቆመች። «እትዬ! እኔ አምስት ዓመት ሠርቼ መቀሱን የማውቀው ከሩቅ ነው!»

«አንቺ ስትቆርጪ ታወሪያለሽ» አሉና ወደ ደንበኛ ወጡ።

ልጅቷ ጠመኔውን ያዘች፤ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ አለ። ደረት መቶ አራት። ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ። በመስመሩ ላይ፣ እናቷ እንደምታደርገው፣ ሳታወላዳ ቆረጠች። ስትጨርስ ከጨርቁ ዳርና ዳር ረጃጅም ሁለት ቁራጭ ተርፎ ነበር። ጠቅልላ ጠረጴዛው ሥር አኖረችው። ወዲያው ፍራሽ ሰሪው ጋሪያቸውን በር ላይ አቁመው «ቶሎ በሉ፣ መንገድ ዘግቻለሁ!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። በየማክሰኞው የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ በጥድፊያ መሬት ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጋ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረች፤ ጥቅልሉም አብሮ ሄደ። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። የዚያን ቀን እየዘመረች ነበር ወደ ክፍሏ የሄደችው።

ረቡዕ ጠዋት ሬዲዮ የሌላ ደንበኛ ጃኬት ይዛ፣ ቀና ሳትል፣ «ቆራጩ ይቺን እንኳ ሳይታመሙ ነው የቆረጧት፤ ሁለቱን ሴንቲ በየጎኑ ጨምረውላታል» አለች።

«የቱን ሁለት ሴንቲ?»

«ለስፌቱ የሚተወውን ነዋ! ካልተጨመረ በምን ትሰፊዋለሽ፣ በምራቅ?»

ልጅቷ ካውያውን እንዳነሳች ቀረች። ከዚያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። እትዬ ወጣ እስኪሉ ጠብቃ አረንጓዴውን ጨርቅ ከመደርደሪያ አወረደች፣ ፊቱንና ጀርባውን ዘርግታ ለካች። መቶ አራት። ድፍን መቶ አራት፣ አንዲት ሴንቲ ትርፍ የሌለው። ሲሰፋ ስምንት ሴንቲ ይበላዋል። ርዝመቱ ይበቃ ነበር፤ ለትከሻውም መላ አይጠፋም፤ ደረቱ ግን በምንም ተአምር አይዘጋም። የሞተ ሰው የገዛው ጨርቅ ደግሞ ሱቅ ተሂዶ አይጨመርበትም።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ሬዲዮ።

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ሳትበዪ ነዋ የምትመጪው። ነገ አባትሽ ሲመጣ እንዲህ ከስተሽ ካየሽ እኛን ነው የሚከሰን።»

ነገ። ነገ በሦስት ሰዓት መምህርቷ ለመሞከር ይመጣሉ። በአራት ሰዓት አባቷ።

ልጅቷ ቁልፍ እየተከለች አሰበች። እትዬን ልንገራቸው? እግሯ ወደ በሩ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ ሁለት ጊዜም ያቺ ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ወንበር ፊቷ ድቅን አለች። በሦስተኛው ሌላ ነገር ትዝ አላት። ልጅ ሆና ቀሚሷ በየዓመቱ ሲጠባት፣ እናቷ ጎኑን ትፈታና ከእጅጌው ጀምራ በብብት በኩል እስከ ታች ጫፍ ረጅም ቁራጭ አስገብታ ታሰፋላት ነበር። መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ይበቃል። ሁለት ቁራጭ፣ ለሁለት ጎን። ያንን ቁራጭ ደግሞ በገዛ እጇ ጠርጋ ሰጥታዋለች።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ቀይራ ወጣች። የፍራሽ ሰሪው ግቢ ከተማው ማዶ፣ ከድልድዩ ወዲያ እንደሆነ ብቻ ነው የምታውቀው። በሁለት ወር ውስጥ ከሁለቱ መታጠፊያ አልፋ አታውቅም። ሦስተኛውን ስትታጠፍ አባቷ ከኋላዋ የቆመ ያህል ዞራ አየች።

የመጀመሪያው አውቶቡስ የተሳሳተ ነበር። ይህን ያወቀችው ድልድይ ስትጠብቅ ኳስ ሜዳ ስታይ ነው። ወርዳ በዝናቡ ውስጥ ወደ ኋላ ሮጠች። ሰው መጠየቅ ሞቷ ነው፤ ሁለት ሰው አሳለፈች፤ ሦስተኛውን፣ አንድ ጋዜጣ ሻጭ፣ ጫማዋን እያየች ጠየቀችው። «ቀና ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ እህቴ፣ ለጫማሽ ነው የምነግረው?» አለና መንገዱን አሳያት።

ግቢው ስትደርስ የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበር። ፍራሽ ሰሪው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የጨርቅ ክምር ፊታቸው ቆልለው፣ በመጥረቢያ ይከተክታሉ። የተከተከተው እዚያው ፍራሽ ውስጥ ይጠቀጠቃል።

«አንቺ! የስፌት ቤቷ ዝምተኛ አይደለሽም?» አሉ። «ምን እግር ጣለሽ?»

«ጋሼ፣ ትናንት የወሰዱት ማዳበሪያ... አረንጓዴ ጨርቅ...»

«የትናንቱ? የትናንቱማ ተኝቷል።» በመጥረቢያው ጫፍ ተሰፍቶ ወዳለቀ አንድ ወፍራም ፍራሽ ጠቆሙ። «ባለቤቱ በዘጠኝ ሰዓት ይወስደዋል።»

ልጅቷ ፍራሹን አየች። ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው፤ ዝናቡና እንባው አልተለየም።

«ኧረ በሞቴ! በፍራሽ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ ሽማግሌው መጥረቢያውን አኑረው። ስትነግራቸው አገጫቸውን እያሻሹ ሰሟት። «እንግዲህ ስሚ። ካልከተከትኩት ዕድልሽ ነው፤ ረጃጅሙን አንዳንዴ እንዳለ ነው የምጨምረው። ትፈቺዋለሽ፣ ትፈልጊያለሽ፣ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ። እኔ አልነካውም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደግሞ እንደነበረ ላየው እፈልጋለሁ።»

የፍራሽ መርፌ የጣት ያህል ይረዝማል። ጫፉን ፈታች፣ እስከ ብብቷ እጇን አስገብታ ጎተተች። ቀይ ወጣ፣ ጥቁር ወጣ፣ የማን እንደሆነ የማታውቀው የሸሚዝ ክሳድ ወጣ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሳሙና ሸተታት። የመጀመሪያው ቁራጭ ሙሉ ነበር። ሁለተኛው ግን መጥረቢያ አግኝቶት መሃል ላይ ተቆርጧል፤ ሁለቱንም ግማሽ አገኘቻቸው። ፍራሹን መልሳ ስትሰፋ መርፌው ሌባ ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋት። ሽማግሌው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው ሞከሩትና «ከእኔ ይሻላል፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አሉ።

ስፌት ቤቱ በደረሰች ጊዜ ሬዲዮ ዝም ብላ ነበር። ነገሩ መታወቁን ይህ ብቻውን ነገራት። እትዬ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል፤ አረንጓዴው ጨርቅ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ እጃቸው ላይ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እኔ ጠዋት የት ነበርኩ?»

«እዚሁ ነበሩ፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ የረጠበውን እሽግ ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች «ነገ አባቴ ይመጣል» አለች።

እትዬ እሽጉን ተቀብለው ፈቱት። ሙሉውን ቁራጭ አዩ፤ ሁለት ቦታ የተቆረጠውንም አዩ፤ የልጅቷን ጣትም አዩ። ሁለቱን ግማሽ ጫፍ ለጫፍ አጋጠሙ።

«በብብት በኩል ነው ያሰብሽው?»

«አዎ። እናቴ እንዲያ ታደርግ ነበር።»

«አጥበሽ ተኩሺው። ሬዲዮ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪ፣ ይሄን ትሰፊያለሽ። ነገ ለመምህርቷ የምትነግሪያቸው ግን አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ አፌን አልከፍትም።»

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ርዕሰ መምህርቷ መጡ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። መጋረጃው ኋላ ገብተው ለብሰው ወጡና መስተዋቱ ፊት ቆሙ። ቀሚሱ ልክ ነበር። ወርቅማው ክር ትከሻቸው ላይ ብልጭ አለ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

እትዬ ልጅቷን አዩዋት።

«እትዬ መምህርት» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። «ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሳንሼ ቆረጥኩት። ከጎንና ከጎኑ ቁራጭ ገብቶበታል። በግራ በኩል ያለው ደግሞ... መሃል ላይ ተቀጥሏል።»

መምህርቷ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን ፊታቸው አቁመው የጠየቁ ሴት ስለሆኑ፣ ሬዲዮ እንኳ ሳታውቀው ከወንበሯ ተነሳች። ግራ እጃቸውን አነሱ። በቀኝ ጣታቸው ከብብታቸው ሥር ያለውን መጋጠሚያ ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች።

«ሲገዛው እኔ አልነበርኩም» አሉ በመጨረሻ። «ለብቻው ሄዶ፣ ስንት ሜትር እንደሚበቃኝ ሳያውቅ ነው የገዛው። ሻጩ 'ሚስትህ ምን ታህላለች?' ቢለው እጁን ዘርግቶ አሳየው አሉ። ትርፉ ከዚያ ነው የመጣው።» እጃቸውን አወረዱ። «ነገ እጅ እያውለበለብኩ መሰናበት አለብኝ። በቀኜ እሰናበታለሁ። ግራዬን ካላነሳሁ ማን ያየዋል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። መምህርቷ ሲወጡ አጠገቧ ቆም አሉ። «ቅር ብሎኛል» አሉ በለሆሳስ። «አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ሳትነግሪኝ ቀርተሽ ራሴ ባገኘው የበለጠ ይከፋኝ ነበር።»

ገና በሩ ሳይዘጋ አባቷ ገባ። ጃንጥላውን በሩ ላይ አራግፎ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዞ። ሁለት የመመለሻ ቲኬት በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይታያል። ልጁን ከራስ እስከ እግር አያት፤ ሰላም ሳይላትም «ከስተሻል» አለ።

«ነግሬሽ ነበር» አለች ሬዲዮ።

አባቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እንግዲህ እመቤቴ፣ የመጣሁት አንድ ቃል ከአፍዎ ልሰማ ነው።»

«ልጅዎ ከትናንት ወዲያ ውድ ጨርቅ አበላሽታለች» አሉ እትዬ።

አባቷ ባርኔጣውን አንስቶ ቆመ። «ገባኝ። ዕቃሽን ሰብስቢ ልጄ።»

«ይቀመጡ፤ አልጨረስኩም» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። አባቷ ተቀመጠ። «እዚህ ቤት ጨርቅ ያላበላሸ የለም። እኔም አበላሽቻለሁ። ብዙዎቹ ግን ደንበኛው ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ነው የሚደብቁት። ይቺ ግማሽ ቀን ደበቀችኝ። ግማሽ ቀኑን አልወደድኩትም፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። ግን ከፍራሽ ሆድ ውስጥ ፈልጋ አምጥታዋለች። ቆራጩ ድነው እስኪያስተምሯት መቀስ አትነካም። ከፈቀዱልኝ ግን ትቆይልኝ።»

ቃሉ ተብሏል። አባቷ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘው።

«የምን ፍራሽ?»

ልጅቷ ነገረችው። ድልድዩን፣ የተሳሳተውን አውቶቡስ፣ መርፌውን።

«ማን ወሰደሽ?»

«ብቻዬን።»

«ከቤት ወደ ሥራ ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር፣ አባዬ።»

አባቷ እጇን ስቦ የተወጋውን ጣት አየው፤ ከዚያ ቁስሉን ሳይሆን ፊቷን። የሚያውቃትን ልጅ የፈለገባት ያህል ለረጅም ጊዜ አያት። በኋላ ከኪሱ ሁለቱን ቲኬት አወጣ፣ አንዱን መልሶ ከተተ፣ ሌላውን የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ በእጁ ይዞት ቀረ።

ከሰዓት በኋላ እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። ቦርሳውን የያዘችው እሷ ናት። መንገድ ላይ ወደ አንድ አውቶቡስ ሊገባ ሲል እጅጌውን ጎትታ «ያ ኳስ ሜዳ ነው የሚወስደው፤ የእኛ ከኋላው ያለው ነው» አለችው። ሳይከራከር ተከተላት። መናኸሪያ ደርሰው የመመለሻውን አውቶቡስ ተሳፈረ፤ መስኮቱን ከፍቶ ከተቀመጠ በኋላ አንገቱን አወጣ።

«ለእናትሽ ምን ልበላት?»

ልጅቷ ሁለቱን ጣቷን አየች፤ አንዱ በጨርቅ ታስሯል።

«ቀሚሱ አማረ በላት። ሌላውን ስመጣ እኔው እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለ አባቷ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ድንገት ጮኸ። «የመስኮቱ ሽቦ አለ?»

«አለ አባዬ!»

«እንዳትፈቺው!»